ሁላችንም ወፍረን የታየንበት ሳምንት

ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ሄደ። አዳማ ለሚኖር ሰው ይሄ ወሬ አይሆንም። የሚያናድደው ግን የግቢያችን በር ላይ ቆሜ ቀና ስል ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የነፋስ ማማዎቹ ዘና ብለው ይዞራሉ። የመጀመሪያው ዙር 51 ሜጋዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት። እኔ ደግሞ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ እበረብራለሁ። ኤሌክትሪኩ ወደ አገሪቱ ዋና መስመር እንደሚገባና ከኮረብታው በቀጥታ ወደ እኛ ሳሎን እንደማይወርድ አውቃለሁ። ቢሆንም ያናድዳል።

ማታ 2 ሰዓት ላይ መጣ። ሰርቨሩም ራሱ ተነሳ፤ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) ላይ መብራት ሲመለስ አብሮ እንዲበራ አድርጌዋለሁ። እማዬ ቲቪውን ከፍታ ድራማዋን ካቆመችበት ቀጠለች። ሁሉም ነገር ሰላም መስሎኝ ተኛሁ።

ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። 4ኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ። ዴቢያን 12 ጭኜበታለሁ፤ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ የሊኑክስ ዓይነት ነው። የቤተሰቡን ፎቶ ይይዛል፣ የእህቴን የሰርግ ቪዲዮ ይይዛል፣ ጄሊፊን በሚባል ቪዲዮ አሠራጭ ፕሮግራም በኩል ለእማዬ ቲቪ ድራማ ይልካል፣ ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ኢንተርኔት በሌለ ሰዓት ለእህቴ ልጆች ዊኪፒዲያ ይከፍትላቸዋል። ለዚህ ሁሉ ሥራ ስክሪን አያስፈልገውም ነበር። ግን ልጆቹ የሚነኩት ሌላ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ስለሌለ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ጨመርኩበትና፣ ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት በርካሽ ያገኘኋትን ባለ 19 ኢንች ሞኒተር ሰካሁበት። የንጹህ ሰርቨር አማኞች እንደምትቆጡ አውቃለሁ። እናንተ ቤት የእህታችሁ ልጆች የሉም።

እሁድ ጠዋት ትንሿ ጮኸች።

«አጎቴ! እማማ ወፍራለች!»

ሄጄ አየሁ። እውነትም ወፍራለች። ፎቶው ያለፈው ፋሲካ የተነሳነው ነው፣ ሁላችንም እንደ ድፎ ዳቦ ተለጥጠናል። የዴስክቶፑ ምልክቶች የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ያህላሉ፣ ፊደሉ ጠርዙ ደብዝዟል፣ የማውሷ ቀስት ደግሞ በጎን ሰፍታለች። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሬዞሉሽኑን (ስክሪኑ ወደ ጎንና ወደ ታች ስንት ነጥብ እንደሚያሳይ) ሳየው 1024 በ768 ይላል። የሞኒተሯ ትክክለኛ መጠን 1440 በ900 ነው። ዝርዝሩን ከፍቼ ልቀይረው ብል ከ1024 በላይ ምንም የለም። 1024፣ 800፣ 848፣ 640። በቃ።

ስለ ውፍረቱ ሒሳቡን ሠራሁት፣ ምክንያቱም እንደዚህ ዓይነት ነገር ካልሠራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። 1024 በ768 ቅርጹ 4 ለ3 ነው። 1440 በ900 ደግሞ 16 ለ10። ሞኒተሯ ትንሹን ምስል ትልቁ ላይ ስትለጥጠው ወደ ጎን የሚለጠጠው ወደ ላይ ከሚለጠጠው 1.2 እጥፍ ይሆናል። ማለትም ሁላችንም ልክ 20 በመቶ ወፍረናል። ለእማዬ ስነግራት «እኔስ ከፋሲካ ወዲህ ነው የመሰለኝ» አለች።

የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ መብራቱ ላይ ነበር። ሲመለስ ገፍቶ መጥቶ ግራፊክሱን የሆነ ነገር አድርጎታል ብዬ። እዚህ አገር ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነው፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክሱን እምብርት፣ መልእክት ዲሜሴጅ በሚባለው ትእዛዝ አገላብጬ አነበብኩ። የኢንቴሉ ድራይቨር (ግራፊክሱን የሚያናግረው ፕሮግራም) ተጭኗል፣ ምንም አልተቃጠለም፣ ማንም አላለቀሰም።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ኖሞድሴት ነበር። ይቺን ቃል የማታውቁ ካላችሁ እወቋት። ሊኑክስ ስትጭኑ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆንባችሁ ሰው ሁሉ «ቡት ላይ ኖሞድሴት ጨምርበት» ይላችኋል (ቡት የማሽኑ መነሳት ነው)፤ ትጨምራላችሁ፣ ይሠራል፣ ትረሱታላችሁ። እሷ ግን ከርነሉ ግራፊክሱን ራሱ እንዳይቆጣጠር የምትከለክል ቃል ናት፤ ሊኑክስን የሚያስነሳው ግራብ የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ቁጭ ብላ ከቀረች ትክክለኛው ድራይቨር ሳይነሳ ይቀራል፣ ስክሪኑም ቡት ላይ በተሰጠው መጠን እንደ ደረቀ ይኖራል። የአንድ ጓደኛዬ ማሽን በእሷ ምክንያት ስምንት ወር ሙሉ በ800 በ600 ኖሯል። የእኔን ለማየት ከርነሉ ሲነሳ የተሰጡትን ቃላት የሚይዘውን፣ ፕሮክ ሥር ያለውን ሲኤምዲላይን የሚባለውን ፋይል ከፈትኩ። የለችም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። ሰው መሣሪያ በእጁ ካለ መሣሪያውን ነው የሚጠቀመው፣ እኔም የስክሪኑን መጠን የሚቀይረውን ኤክስራንድአር የሚባለውን ትእዛዝ አነሳሁ።

አንድ ነገር ልናገር፣ ትእዛዞቹን እዚህ የምጽፈው እንደሚነበቡት በእኛው ፊደል ነው፤ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ስትጽፉ በላቲን ፊደል መሆኑን አትርሱ።

መጀመሪያ ሲቪቲ የምትባል ትንሽ ትእዛዝ አለች። ስፋት፣ ቁመትና በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ትሰጧታላችሁ፣ እሷ ሞድላይን የሚባል ረዥም መስመር ታወጣላችኋለች። ለ1440 በ900 በ60 የምታወጣው 106.50 ብሎ ይጀምርና 1440 1528 1672 1904፣ ከዚያ 900 903 909 934 ይላል። 106.50 በሜጋኸርዝ የነጥቦቹ ፍጥነት ነው፤ የቀረው ምስሉ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ፣ ምልክቱ መቼ እንደሚላክ የሚናገር ነው። ይሄን መስመር ለኤክስራንድአር በኒውሞድ ታስተዋውቁታላችሁ፣ በአድሞድ የሞኒተሩ ኬብል ከሚሰካበት ሶኬት ጋር ታገናኙታላችሁ፣ በመጨረሻ በአውትፑትና በሞድ «ተጠቀምበት» ትሉታላችሁ። (1366 በ768 ሞኒተር ያላችሁ ደግሞ ሲቪቲ 1368 ብላ ስትመልስ አትደንግጡ። ስፋቱን ለ8 በሚካፈል ቁጥር ነው የምትሠራው፣ 1366 ደግሞ አይካፈልም።)

የሶኬቱ ስም ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። እኔም ወድቄያለሁ። ያው አንድ ቀዳዳ እንደ ጠሪው ስሙ ይለያያል። ከርነሉ የእኔን ሶኬት፣ የድሮውን የቪጂኤ መሰኪያ፣ ቪጂኤ ሰረዝ 1 ይለዋል፤ ለኤክስ (ዴስክቶፑን ስክሪኑ ላይ ለሚስለው ፕሮግራም) የተሠራው አሮጌው የኢንቴል ድራይቨር ካለ ግን ሰረዙ ጠፍቶ ቪጂኤ1 ይሆናል። ኤችዲኤምአይ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ከርነሉ ኤችዲኤምአይ ሰረዝ ኤ ሰረዝ 1 ሲል ኤክስራንድአር መሀል ያለውን ኤ አያውቃትም። ስለዚህ ከአንድ ቦታ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ከመለጠፋችሁ በፊት ኤክስራንድአርን ባዶውን አስነሱና ምን ብሎ እንደሚጠራው እዩ። ግኖም የሚባለውን ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ደግሞ ምናልባት በኤክስ ፈንታ ዌይላንድ የሚባለው ላይ ናችሁ፤ እዚያ ይሄ ሁሉ ጨዋታ አይሠራም፣ ጊዜያችሁን አታቃጥሉ።

ሠራ! ስክሪኑ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠቆረ፣ ተመለሰ፣ ሁላችንም ከሳን። ትንሿ አጨበጨበች።

ከዚያ ሪስታርት አደረግኩት። ተመልሰን ወፈርን።

ኤክስራንድአር የነገራችሁትን የሚያስታውሰው ኤክስ እስኪዘጋ ብቻ ነው። ቋሚ ለማድረግ ኢቲሲ ሥር፣ ኤክስ11 ውስጥ፣ ኤክስኦርግ ነጥብ ኮንፍ ነጥብ ዲ የሚባል ፎልደር አለ፣ እዚያ ሞድላይኑን የያዘ ትንሽ ፋይል ታስቀምጣላችሁ። ታዲያ እኔ ማስታወሻዬ ውስጥ ከድሮ ሥራ የቀረ እንዲህ ዓይነት ፋይል ነበረኝ፣ ግን የ1920 በ1080 ነው። እጄ ቁጥሩን ሊቀይር ሲል ውስጤ የሆነ ድምፅ «እስኪ ሞክረው፣ ማን ያውቃል» አለ። ሙሉ ኤችዲ። ከኢንተርኔት ቤት በወጣች 19 ኢንች ሞኒተር ላይ። ስስት ማለት ይሄ ነው።

ላይትዲኤምን (የሎግኢን ስክሪኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ሪስታርት አደረግኩ። ስክሪኑ ጨለመና መሀሉ ላይ አንድ ሰማያዊ ሳጥን ብቅ አለ፤ ምስሉ ከአቅሜ በላይ ነው የሚል ነገር ይላል። ሳጥኑ ከጥግ ጥግ እየተንሳፈፈ ይጋጫል። ኪቦርዱን ብጫነው ምንም የለም፣ አለ እንኳን ብባል አላየውም።

እማዬ ያኔ ቡና እያፈላች ነው። አቦሉን ቀዳችልኝና ሳጥኗን ለረዥም ጊዜ አየቻት። «አሁንስ ይሄ ምንድን ነው የሚዞረው?» አለች። «ምንም አይደለም እማዬ፣ አሁን አስተካክለዋለሁ» አልኳት። ስልኬን አወጣሁ። ስልኬ ላይ ተርመክስ የሚባል የተርሚናል አፕ አለ፤ በእሱ ከሰርቨሩ ጋር በኤስኤስኤች፣ ከሌላ ማሽን ሆኖ በኔትወርክ ትእዛዝ በሚሰጥበት መንገድ፣ ተገናኘሁ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። ስክሪን ከመነካካታችሁ በፊት ኤስኤስኤች መሥራቱን ሞክሩ። ሲኒዬ በግራ እጄ፣ ስልኬ በቀኝ፣ በአንድ አውራ ጣት ያቺን ፋይል አጠፋኋትና ላይትዲኤምን ድጋሚ አስነሳሁት። ሳጥኗ ጠፋች። ወፍራሙ ዴስክቶፕ ሲመለስ እንደዚያ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

(በኤስኤስኤች ሆናችሁ ኤክስራንድአርን ብትጠሩት ስክሪን መክፈት አልቻልኩም ይላችኋል። ዲስፕሌይ የሚባለውን ተለዋዋጭ ሁለት ነጥብና ዜሮ አድርጉለት፤ ስለ የትኛው ስክሪን እንደምታወሩ ያኔ ይገባዋል።)

በሁለተኛው ዙር ፋይሉን በትክክለኛው 1440 በ900 ጻፍኩት። ሪስታርት ብል ሎግኢኑም፣ ዴስክቶፑም ተስተካከለ። ሰኞ ማታ ነው ይሄ። ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ማለት እችል ነበር፣ ብዙ ሰውም እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። እኔን ግን አንድ ነገር በላኝ። ማሽኑ ሲነሳ፣ ዴስክቶፑ ከመምጣቱ በፊት የሚሮጡት ነጫጭ ፊደሎች አሁንም ትልልቅ ናቸው፣ አሁንም ወደ ጎን ሰፍተዋል። ኤክስኦርግ ላይ የጻፍኩት ኤክስኦርግን (ያንኑ ኤክስን) ብቻ ነው የሚያዘው፤ ከሥሩ ያለው ከርነል አሁንም 1024 ነው የሚያየው። ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት እኮ ያለምንም ፋይል ይሠራ ነበር። ምን ተቀየረ?

ማክሰኞ ለአንድ ሐዋሳ ለሚኖር ጓደኛዬ ደወልኩ። ኔትወርክ ነው ሥራው። ያደረግኩትን ሁሉ፣ ሞድላይኑን፣ ሳጥኗን፣ ስልኩን፣ እንደ ጀብዱ ዘረዘርኩለት። ጸጥ ብሎ ሰማኝና «ኢዲአይዲውን አየኸው?» አለኝ።

አላየሁትም።

ኢዲአይዲ የሞኒተሩ መታወቂያ ማለት ነው። ቪጂኤን አይቢኤም ይዞት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ምስል ይልካል፣ ሞኒተሩ ይቀበላል፣ ከተጣጣሙ ጥሩ። ቬሳ የሚባለው የደረጃ አውጪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ሞኒተር ራሱን የሚያስተዋውቅበትን መንገድ አወጣ። ሞኒተሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ 128 ባይት ትይዛለች፤ ማን ሠራው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ስንት ሴንቲሜትር ይሰፋል፣ የሚመርጠው መጠን የቱ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በዚያው ኬብል በኩል ይጠይቃታል፣ ትመልስለታለች። መልስ ካልመጣ ሊኑክስ አይገምትም። አብዛኛው ሞኒተር እምቢ የማይላቸውን ጥቂት መጠኖች ይዘረዝርና 1024 በ768 ላይ ያቆማል። እኔ እሁድ ጠዋት ሴቲንግ ውስጥ ያየሁት ዝርዝር ይኸው ነበር። ሊኑክስ ሰው ነው ብትሉ፣ እንግዳው ስሙን ሳይናገር ሲገባ በትሕትና ውሃ አቅርቦ ዝም ያለ ሰው ነው።

መልሱ መምጣቱን የምታዩት ሲስ ሥር፣ ክላስ ውስጥ፣ ዲአርኤም በሚባለው ፎልደር ነው። እዚያ እያንዳንዱ ሶኬት የራሱ ፎልደር አለው፣ ውስጡ ኢዲአይዲ የሚባል ፋይል አለ። ጥንቃቄ፦ ፋይሎችን በሚዘረዝረው ትእዛዝ በኤልኤስ መጠኑን ካያችሁ ሁልጊዜ 0 ነው የሚለው፣ ሞኒተሩ ደህና ቢሆንም እንኳ። ካት በሚባለው ትእዛዝ አንብባችሁ ባይቱን መቁጠር አለባችሁ። ቆጠርኩ። 0። እውነተኛ 0። ሞኒተሬ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

«እንግዲያው ኬብልህን እየው» አለኝ ጓደኛዬ፣ እየሳቀ ይመስለኛል።

ሦስት ቀን ሙሉ በሞድላይን ስንጨቃጨቅ ከሰርቨሩ ጀርባ አንዴም አልዞርኩም። አሁን ቡፌውን ገፋ አድርጌ በስልክ መብራት አየሁ። አዳማ ነውና አቧራው ሁለት ጣት ያህል ነው። ኬብሉን ፈትቼ አወጣሁት። ቀጭን፣ እንደ ቻርጀር ገመድ የምትተጣጠፍ። ያኔ ነው የነቃሁት። የእኔ ኬብል እኮ ወፍራም ነበር፣ ጫፉ አካባቢ በርሜል የመሰለች እብጠት ያላት።

ጫፏን ወደ ብርሃኑ አዞርኩ። ቪጂኤ 15 ፒን ነው፤ በሦስት ረድፍ፣ አምስት አምስት። የላይኛው ረድፍ ሙሉ ነው፣ ቀለማቱ፣ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው የሚሄዱት በእሱ ነው። መሀለኛው ላይ 9ኛው ጎድሏል፤ ይሄ ደህና ኬብል ላይም ብዙ ጊዜ ይጎድላል፣ እሱን አይታችሁ አትፍረዱ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግን መሀል ላይ ሁለት ፒኖች ብቻ፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ጥንቸል ጥርስ። 13 እና 14። እነሱ ምስሉን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ምልክቶች ናቸው፣ ስለዚህ ምስሉ ይመጣል፣ ማንም ምንም አይጠረጥርም። መታወቂያው የሚሄደው በ12 እና በ15 ነው። 12 የለም። 15ም የለም። አልተሰበሩም፣ አልታጠፉም። መጀመሪያውኑ አልተሠሩም። የሠራው ሰው ሁለት ሽቦ ቆጥቦ ነው።

ወንድሜ ማታ ከሥራ ሲገባ ኬብሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩት።

«ይቺን ታውቃታለህ?»

«እ... እሷን ከካርቶኑ ውስጥ አውጥቼ ነው የሰካኋት። ወፍራሙን ለፕሮጀክተር ወስጄዋለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙሩን ግድግዳ ላይ የምናሳይበት አጥሮን።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ፣ መብራት የሄደ ጊዜ። ያው ጠፍቶ ስለነበር እንዳልረብሽህ ብዬ።»

ምን ይባላል? አሳቢ ልጅ ነው። መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ኬብሉን ቀየረ፣ መብራቱ መጣ፣ እኔ ሦስት ቀን መብራቱን ረገምኩ።

ረቡዕ ወፍራሙ ኬብል ተመለሰ። ሰካሁት፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ ባይቱን ቆጠርኩ። 128። ከዚያ ኢዲአይዲ ዲኮድ የሚባለውን ፕሮግራም ጭኜ ሞኒተሯን አናገርኳት። እ.ኤ.አ. በ2009 በ22ኛው ሳምንት እንደተሠራች፣ 41 በ26 ሴንቲሜትር እንደሆነች፣ 1440 በ900ን እንደምትመርጥ ነገረችኝ። ቺፗ ውስጥ የሚቀመጠው ዓመቱ ራሱ ሳይሆን ከ1990 ጀምሮ ስንት ዓመት እንደሆነ ነው፤ 19 ብላ ነው የጻፈችው። ስንት ልጅ ፌስቡክ የከፈተባት፣ ስንት ሰው ዲቪ የሞላባት ስክሪን ናት። ይሄን ሁሉ ጊዜ ልትነግረኝ ነበር፣ አፏን ዘግተንባት እንጂ።

ኤክስኦርግ ውስጥ የጻፍኳትን ፋይልም አጠፋኋት። ጓደኛዬ «ትቀመጥ፣ ምን ትጎዳሃለች» ብሎኝ ነበር፣ እኔ አልስማማም። የዛሬ ዓመት ሌላ ሞኒተር ስሰካ ያቺ ፋይል ተደብቃ ትጠብቀኛለች፣ እኔ ደግሞ ረስቻታለሁ። እንደ ኖሞድሴቷ።

ኬብላችሁ ደህና ሆኖ ይሄው ችግር ቢገጥማችሁ፣ ቀጥሎ መጠርጠር ያለበት መሀል ላይ ያለ ነገር ነው። ማሽኑ ኤችዲኤምአይ ብቻ ኖሮት ሞኒተሩ ቪጂኤ ከሆነ የምትገዟት ትንሽ ኮንቨርተር፣ ወይም አንድ ሞኒተር ለሁለት ማሽን የሚያካፍል መቀያየሪያ። አንዳንዶቹ ምስል ያሳልፋሉ፣ መታወቂያ አያሳልፉም። ከመሀል አውጥታችሁ በቀጥታ ሰክታችሁ ባይቱን ቁጠሩ፣ ያኔ ጥፋተኛው ይታወቃል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፣ ግን ያው አቧራውን ካየሁት በኋላ ሰርቨሩን ሳሎን ውስጥ ማስቀመጥ አልዋጥልህ አለኝ። ሙቀቱም አለ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በዚያ መስኮት ነው የምትገባው፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ሐሙስ ዕለት ወደ ኋላ ክፍል አዛወርኩት፣ ጥላ ነው፣ ንፋስም ያገኛል። ሞኒተሯ ሳሎን ቀረች። ልጆቹ በስልኬም ሆነ በተዋስኩት ላፕቶፕ በቪኤንሲ፣ የአንድን ማሽን ስክሪን ሌላ ማሽን ላይ በሚያሳየው ፕሮግራም፣ ዴስክቶፑን ይከፍቱታል ብዬ አሰብኩ። ከፈትኩት። ዴስክቶፑ የፖስታ ቴምብር አክላ ታየች።

ይሄኛው ደግሞ የኬብል ጥፋት አይደለም። ሞኒተር ሳይሰካለት የተነሳ ማሽን የሚያሳየው ስክሪን የለውም፤ እውነተኛውን ስክሪን የሚያጋራ ቪኤንሲ ደግሞ የሌለ ስክሪን ነው የሚያጋራው፣ ወይ ባዶ ይሆናል ወይ ያገኘውን ትንሿን መጠን ይይዛል። መፍትሔው ከአንድ በላይ ነው። ሞኒተር መስላ የምትዋሽ ትንሽ መሰኪያ ይሸጣል፣ የራሷ መታወቂያ አላት፣ ሰክቶ መርሳት ነው፤ ያገኛችሁ ግዙት፣ ቀላሉ እሱ ነው። እኔ መሀል ከተማ ሁለት ኮምፒውተር ቤት ጠይቄ ሁለቱም እንደ እብድ አዩኝ። «ሞኒተር የሌለው ሞኒተር?» አለኝ አንዱ።

ስለዚህ በግራብ አደረግኩት። ኢቲሲ ውስጥ፣ ዲፎልት የሚባለው ፎልደር ሥር ግራብ የሚባል ፋይል አለ። እዚያ ከርነሉ ሲነሳ የሚሰጠው ቃል የሚጻፍበት መስመር ላይ ቪዲዮ እኩል ይሆናል ብላችሁ፣ የሶኬቱን ስም በከርነሉ አጠራር (ሰረዙን አትርሱ)፣ ሁለት ነጥብ፣ 1440 ኤክስ 900፣ አት 60፣ መጨረሻ ላይ ትንሿን ኢ ትጽፋላችሁ። ያቺ ኢ ናት ዋናዋ። «የተሰካ ነገር ቢኖርም ባይኖርም ሶኬቱን ክፈተው» ማለት ናት። ከዚያ አፕዴት ግራብ፣ ሪስታርት። ተነሳ። ቪኤንሲው ላይ ሙሉ ዴስክቶፕ፣ እማዬም በልኳ።

ግን በሁለተኛው ቀን ራሴን ጠየቅኩ። ማንም ለማያየው ስክሪን ለምን እሟገታለሁ? ቪኤንሲ ሰርቨሮች እውነተኛውን ስክሪን ትተው የራሳቸውን የምናብ ስክሪን መክፈት ይችላሉ፤ ጂኦሜትሪ የሚለው ላይ የምትፈልጉትን መጠን መጻፍ ብቻ ነው፣ ሞኒተር፣ ኬብል፣ ፒን፣ መታወቂያ የሚባል ጣጣ የለም። እሱን አደረግኩና ማሽኑ ሲነሳ ዴስክቶፕ እንዳይከፍት ሲስተምሲቲኤል ላይ መልቲ ዩዘር ወደሚባለው መለስኩት። ከቡት መስመሩ ላይ ግን ቪዲዮ የሚለውን አላነሳሁም፤ አንድ ቀን ኔትወርኩ ሲበላሽ ሞኒተሯን ተሸክሜ ሄጄ በዚያው በቆመበት ስሰካት ጥቁር እንዳይሆንብኝ። ከላይ ያልኩትን ስለ ተደበቀች ፋይል አውቃለሁ። ይቺኛዋን ማሽኑ ጎን ላይ በወረቀት ጽፌ ለጥፌባታለሁ።

በነገራችን ላይ ዴስክቶፕ በሌለው ጥቁር ስክሪን ላይ መጠኑ ሲስተካከል ፊደሉ ያንሳል። በ1024 በ768 አንድ መስመር 128 ፊደል ነበር የሚይዘው፣ በ1440 በ900 ደግሞ 180። ለዓይኔ ከበደኝ። ለዚህ ሬዞሉሽኑን መልሶ ማሳነስ ስህተት ነው፤ ኮንሶል ሴትአፕን በዲፒኬጂ ሪኮንፊገር አስነስታችሁ ተርሚነስ የሚባለውን ፊደል በትልቁ ምረጡ። ጥርት ያለ ትልቅ ፊደልና የተለጠጠ ትልቅ ፊደል አንድ አይደሉም።

ቅዳሜ ወንድሜ እንደገና መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ኬብል ኬብል ማለት ጀመረ። ወፍራሙ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልዬበት ነበርና ወደዚያ እንኳ አላየም። ቀጭኗን አነሳሁና ሰጠሁት፣ ትንሽ እያዘንኩለት፣ እሱም ግድግዳ ላይ የወፈረ መዝሙር ሲያይ ይገባዋል ብዬ።

ማታ ሲመለስ ጠየቅኩት።

«እንዴት ሆነ?»

«በጣም አሪፍ ነው። እንደውም ይቺኛዋ ትሻላለች፣ ወፍራሙ ለመጠቅለል ያስቸግራል።»

አላመንኩትም። የፕሮጀክተሩን ጀርባ በስልኩ አንስቶ እንዲልክልኝ አደረግኩ። አሮጌ ነው፣ ተለጣፊው ላይ መጠኑ ተጽፏል። 1024 በ768።

ኬብሏን በዚያው አስቀርቻታለሁ።